የተገዘተው ጊታር

አዲ አርቃይ፣ ጥር 23 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋረግ
ጎንደር

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ልጅዎ ጥሩስ ደህና ናት? እኔን ከጠየቁ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ከዚህ የበለጠ የምነግርዎ የለኝም።

ደብዳቤዎን ሰጠኝ የሚባለው ሾፌር አምጥቶልኛል። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ ኪሴ ከተትኩትና ሦስት ቀን ሳልከፍተው ዋልኩ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልመጣልኝም፤ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ፈርቼ ነው።

«ጣቶችህ ደህና ናቸው ወይ?» ላሉኝ፣ አሥሩም በቦታቸው አሉ። መሪ መያዝ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ አሁን ጎሚስታ ነኝ። ሊማሊሞን የወረደ ጭነት ማኪና ሁሉ ጎማው ተልጦ እዚህ ይደርሳል፤ እኔም እየፈታሁ፣ እየለጠፍኩ፣ እየነፋሁ እመልሳለሁ። መዳፌ ከብረቱ የተነሣ ጠጥሯል። የጣቶቼ ጫፍ ግን እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ ነው። ጊታር የሚፈልገው የዚህን ግልባጭ ነበር።

እንኳን ለልጅዎ ሰርግ አበቃዎ። ጥሩን የማውቃት የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ነው። «ሰርጓ ላይ የአባቷን ዘፈን ተጫወትላት» ያሉኝን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ባልዎ ዳኜ እኔ በምነዳው ማኪና ሊማሊሞ ላይ በሞተ በወሩ፣ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ስቆም፣ ሽማግሌዎቹ «ካሳሽ ምንድን ነው?» ቢሉዎት፣ «የባሌን ደም በብር አልለውጥም፤ ጊታሩን ትቶልኝ ይሂድ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳይነካ ይገዘትልኝ» ያሉት እርስዎ ነዎት። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ በመስቀላቸው ገዘቱኝ። ጊታሩንም እዚያው ደጅዎ ላይ አስረክቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ክር ነክቼ አላውቅም።

ስለዚህ አልችልም። ግዝት አለብኝ። ባይኖርብኝም አልችልም፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሠራ እጅ ከምኑ ይነሣል?

«ይናፍቅሃል ወይ?» ላሉኝ፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

ክንዱ


ጎንደር፣ የካቲት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአያ ክንዱ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ግን «ቆሜ እሄዳለሁ» ብለህ በሩን ዘጋህብኝ። እንግዲህ ቆመህ ሂድ። እኛ ደህና ነን።

ምነው «ወይዘሮ» እና «እርስዎ» አበዛህብኝ? የባሌ ሚዜ አልነበርክም እንዴ! ድሮ «አንቺ ሸዋረግ፣ ምሳ የለም ወይ?» እያልክ ነበር በሬን የምትበረግደው። ራቅ ብለህ ለመቆም ነው፣ ገብቶኛል። እንደፈለግህ።

የግዝቱን ነገር ጨርሼዋለሁ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ የገዘቱልኝን ይፍቱልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ እንደምታውቃቸው ናቸው፤ መጀመሪያ አዋረዱኝ። «ያን ጊዜ ቆልፉልኝ፣ ዛሬ ፍቱልኝ! መስቀሉን የኮት ቁልፍ አደረግሽው እንዴ?» ብለው በልብስ ሰፊነቴ ተሳለቁብኝ። ቆይተው ጸለዩ፣ ፈቱም። በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ከዚህ ጋር አለልህ። ከዛሬ ጀምሮ በግዝት አታሳብብ።

ሰጠኝን «ጊታሩ ተቃጥሎ ይሆን?» ብለህ ጠይቀኸዋል አሉ። አልተቃጠለም። አንድ ቀን ላቃጥለው አውርጄው ነበር፤ ክብሪቱ እምቢ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቅዬው ኖርኩ። አንዱ ክር ለብቻው ተበጥሶ ሲጮህ ከድንጋጤዬ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቴን በሳኝ። ያን ቀን ሰደብኩህ። አሁን በጋቢ ጠቅልዬ ከሰጠኝ ጋር ልኬልሃለሁ። አዲስ ክር ከአሥመራ ያመጣልሃል።

«ጎንደር ዘፋኝ ጠፍቶ ነው ወይ?» አልክ ደግሞ ለሰጠኝ። ዘፋኝማ ሞልቷል። ዳኜ ለእኛ ሰርግ ያወጣውን ዘፈን የሚያውቅ ግን አንተ ብቻ ነህ። እሱ ይዘፍን፣ አንተ ትመታ ነበር፤ ሦስተኛ ሰው አላስገባችሁም። ጥሩ እስከ ወገቡ ታዜመውና ትደነቃቀፋለች። ሰርጓ ግንቦት 8 ነው። የአባቷን ዘፈን ሰምታ ከቤቴ ትውጣ ነው የምልህ፣ ሌላ አይደለም።

ይናፍቅህ እንደሆነ ጠይቄህ ዘለልከኝ። አልረሳሁም።

ሸዋረግ


አዲ አርቃይ፣ የካቲት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋረግ፣

ለእርስዎም ለጥሩም ጤና እመኛለሁ። ጊታሩ በደህና ደርሷል። የመምሬንም ወረቀት አንብቤ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

«ስትከፍተው ምን ተሰማህ?» ብለው በሰጠኝ በኩል ጠይቀዋል። አራት ቀን አልከፈትኩትም። በአምስተኛው ቀን ከፈትኩት። ምንም አልተሰማኝም። የማውቀው ዕቃ ነው፤ አንገቱ በትንሹ ጎብጧል፣ አንዱ መቃኛው ዝጓል። ዝገቱን በናፍጣ አጠብኩት፣ አዲሱን ክር አሰርኩ፣ ቃኘሁ። ቅኝቱን ጆሮዬ አልረሳውም። እጄ ግን ረስቶታል። የቀለበት ጣቴን ሳዝዝ ትንሿ ጣቴ አብራ ትነሣለች። አውራ ጣቴ ወፍራሙን ክር ሲፈልግ ሁለተኛውን ይመታል። የሌላ ሰው እጅ ክንዴ ላይ የተሰፋ ይመስለኛል።

ሁለት ጊዜ ስለጠየቁኝ የናፍቆቱን ነገር ልመልስ። ሲያነቡት እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልናፈቀኝም። መምሬ መስቀሉን ሲያነሡ ሰው ሁሉ ያለቀስኩት በቅጣቱ ክብደት መስሎት ነበር። አይደለም። ዐረፍኩ። ዳኜ ከሞተ ጀምሮ ያንን ጊታር ማየት አልችልም ነበር፤ ሰው ሁሉ ደግሞ «ተጫወት፣ ይወጣልሃል» ይለኝ ነበር። እርስዎ ግዝቱን ሲጥሉልኝ ከዚህ ሁሉ ገላገሉኝ። ልለምንዎ የምፈልገውን ነው የፈረዱብኝ።

ቅጣቱ ቅጣት አልሆነብኝም። ይህን ደብቄዎት ኖሬያለሁ።

ክንዱ


ጎንደር፣ የካቲት 19 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለክንዱ፣

አያም አልልህም ዛሬ!

አንተ ሰው፣ ምን አደረግሁህ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ከበሮ በተመታ ቁጥር «እሰይ፣ ይኼኔ የክንዱ ጣት እያሳከከው ነው» እያልኩ ነው የተጽናናሁት። ሌላ መጽናኛ አልነበረኝም እኮ! ጥምቀት በመጣ ቁጥር፣ ሰርግ በመጣ ቁጥር፣ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ እየተቃጠለ ነው እያልኩ ስደሰት፣ ለካስ አንተ እፎይ ብለህ ጎማህን ትነፋለህ! ወይ ጉድ! በንዴት የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ባለቤቱ ልኬን አጠጣኝ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? የተሞኘሁ ያህል ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያልኩት እኮ ያቺን ቅጣት ይዤ ነው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ደጅሽ ቆሞ፣ ሽበት ያለው ሽማግሌ መሬት ላይ ተደፍቶ እየለመነሽ እምቢ አይባልም። አፌ ይቅር አለ፤ ሆዴ «ጣቱን ይዤበታለሁ» አለ። በምን ልያዝህ አሁን?

በዚህ ልያዝህ፦ ትለማመዳለህ። ያረፍክበትን ዘጠኝ ዓመት ሁሉ በየቀኑ ተቀምጠህ ትለማመዳለህ። ማየት ካልቻልክ ዓይንህን ጨፍነህ።

ሁዳዴ ሰኞ ይገባል፣ በጾም ጊታር አይመታም ብለህ እንደምታመልጥ አውቄ መምሬን ጠይቄልሃለሁ። «ድምፅ አያሰማ እንጂ ጣቱን ማንቀሳቀስ ጾም አያስገድፍም» ብለዋል። የገዘቱህ እሳቸው፣ የፈቱህም እሳቸው፤ እንግዲህ ከማን ጋር ትሟገታለህ?

ጎንደር ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይጸልይልሃል። እኔ ግን ዛሬ አልጸልይልህም።

ሸዋረግ


አዲ አርቃይ፣ መጋቢት 10 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋረግ፣

ጾሙን እንዴት ይዘዋል? ቁጣዎ በርዷል ብለው ስለላኩብኝ አመሰግናለሁ። ባይበርድም አልፈርድብዎ።

«በየቀኑ ምን እንደምትሠራ ዝርዝሩን ጻፍልኝ፣ እንዳታታልለኝ» ብለዋል። እሺ። የጎማ ላስቲክ በቁመቱ ቆርጬ ከክሮቹ ሥር ሰክቻለሁ። ክሩ ሲመታ ድፍን ነው፤ እንጨት በጣት እንደመኮርኮር ያለ ኮሽታ ብቻ ነው የሚሰማው። ጠዋት ማኪና ሳይመጣ በፊት እቀመጣለሁ። ከጠቋሚ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ አንድ በአንድ ክሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ የወረደችው ሳትነሣ ቀጣይዋ ትወርዳለች። ከዚያ ወደ ሌላው ክር። ስድስቱን ክር ወጥቼ ስጨርስ እመለሳለሁ። ሌላ ምንም የለም። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ቀኝ እጄን ጨመርኩ፤ አውራ ጣቴ እንደ እርምጃ እኩል እንዲሄድ፣ ሌሎቹ በላዩ እንዲሮጡ። ጊታር ያስተማረኝ ጣሊያኑ መካኒክ ስቸኩል «ፒያኖ፣ ፒያኖ»፣ ቀስ በል፣ እያለ ጉልበቴን ይመታኝ ነበር። አሁን ራሴን እመታለሁ።

የጣቶቼ ጫፍ መጀመሪያ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ተላጠ፣ አሁን ጠጥሯል። «ያማል ወይ?» ላሉት፣ ያማል መሰለኝ። ደሙን አየዋለሁ። ሥቃዩ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤት የታመመ ያህል ነው። ባለጭነቶቹ ድምፅ የሌለው ጊታር ስነካካ አይተው «ጎሚስታው ለይቶለታል» ይላሉ።

የቀድሞዎቹ ዘፈኖች እየመጡ ነው። ትናንት አንዱን ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት፣ ማለት ጣቴ ጨረሰው፤ እኔ አልሰማሁትም። የእናንተ ሰርግ ዘፈን ግን ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ እጄ ይቆማል። መርሳት አይደለም። ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሃያ ጊዜ ቆመ። ይህን ለጥሩ አይንገሯት፣ እንዳታዝን።

ክንዱ


ጎንደር፣ መጋቢት 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአያ ክንዱ፣

እግዚአብሔር ያበርታህ። ዛሬ ልቆጣህ አይደለም የተቀመጥኩት፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።

«ጥሩ ምን አለች?» ብለህ በሰጠኝ በኩል ጠይቀኸኛል። ጥሩ ምንም አላለች። ጥሩ ይህን ነገር አታውቅም። ዋሽቼህ ነው። ልጅቷ የምትፈልገው ከአዲስ አበባ የመጣ ሸክላ ነው፤ ሙሽራው መምህር ነው፣ ግራሞፎን አለው፣ ሁለቱም በሱ ነው የሚያብዱት። የአባቷን ዘፈን እስከ ወገቡ እያዜምኩ የምደነቃቀፈው እኔ ነኝ።

ፎቶው አለኝ። ኮቱ አለኝ። ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል፣ ክንዱ። ሄደ። መቼ እንደሄደ እንኳ አላውቅም፤ ባለፈው ክረምት ልብስ እየሰፋሁ ዘፈኑን ላንጎራጉር ብል አፌ ባዶ ሆነ። ሳይታወቀኝ የሰፈር ሴቶች የሚሉትን ሌላ ዘፈን ይዤ ተገኘሁ። አስበው! ለእኔ የወጣ ዘፈን! በዓለም ላይ እሱን የያዘ ያንተ እጅ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ በግዝት አስቀበርኩት። አንተን የቀጣሁ መስሎኝ የባሌን ድምፅ በገዛ እጄ ቀበርኩት። ይህን ለመምሬም አልተናገርኩ። አንተ ያንን ዘፈን ካላወጣኸው እኔ ዳኜን ሁለተኛ ጊዜ ነው የማጣው።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። እጅህ ለምን እዚያ ላይ ይቆማል? ሌላውን ሁሉ እያስታወሰ እዚያች ላይ ብቻ ለምን? ያን ቀን ምን ሆነ? «ጉም ነበር» ማለትህን አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹም «ጉም ነው፣ የእግዜር ነገር ነው» ብለውኛል። እኔ የምጠይቅህ ከጉሙ በፊት ያለውን ነው።

ሸዋረግ


አዲ አርቃይ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1957 ዓ.ም.

ሸዋረግ፣

«አንቺ» ብዬ ልጽፍልሽ ነው። ይህን በአንቱታ ልናገረው አልቻልኩም፤ ሁለት ሳምንት የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ጉም ነበር። ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ጉም ውስጥ መቶ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ መቶ ጊዜ ወርጃለሁ።

ከአሥመራ ጨው ጭነን ስንመለስ ነው። ዳኜ አጠገቤ ተቀምጧል። አዲ አርቃይን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር «ለሸዋረግ ዘፈን አዲስ ስንኝ መጣልኝ» አለና ማዜም ጀመረ። ጊታሩን ጎንደር ትቼው ነበር የወጣሁት። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በግራ እጄ የማኪናውን መሪ እንደ ጊታር አንገት ይዤ ጣቶቼን አሳርፍ ጀመር። ሁልጊዜ የማደርገው ነው፤ ስንቱን ዘፈን ያጠናሁት መሪ ላይ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጣት ብቻ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ዜማውን ከለመድነው ትንሽ ቀየረው፣ የኔ ጣትም ቦታውን አጣ። «ድገመው» አልኩት። ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ፣ አፉን ለማየት። ጣቶቼ መሪው ላይ እየፈለጉ ነበር። ማጠፊያው መጣ።

ይኸው ነው። እኔ ተወርውሬ ወደቅሁ፣ እሱ ከማኪናው ጋር ገደል ገባ።

ላስቲኩን ከክሩ ሥር ሰክቼ ድምፅ የሌለው ጊታር መነካካት ስጀምር ነው እጄ ለምን እንደሚቆም የነገረኝ። ድምፅ የሌለው ልምምድ ከዚያ በፊት የሠራሁት መሪ ላይ ብቻ ነበር። እዚያች ዙር ላይ ስደርስ እጄ መሪ የያዘ ይመስለዋል፣ ለዚያ ይቆማል።

ለሽማግሌዎቹ ጉም አልኩ። ለመምሬም በንስሐ ጉም አልኩ። አንቺ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያልሺው ለጉሙ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ስለዚህ ያ እርቅ እርቅ አይደለም። አልተታረቅንም። ይህን እያወቅሁ ልጅሽ ሰርግ ላይ ቆሜ ልዘፍን አልችልም። ልምጣ ወይስ ልቅር፣ አንቺ ወስኚ። ቅር ካልሽኝ ጊታሩን ከሰጠኝ ጋር እመልሰዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ምን እንደሚሰማኝ ብትጠይቂኝ፣ አሁንም ምንም።

ክንዱ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ

ክንዱ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አንድ ሳምንት ሆነው። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዱ ላይ ረግሜህ ነበር። አንዱ ላይ ከእርግማን የባሰ ነገር ነበር። በስቅለት አልችልም ብዬ ተውኩት፤ ስሰግድ ዋልኩ፤ ከስግደቱ ስነሣም ንዴቴ አብሮኝ ተነሣ።

«ድገመው» ብለህ ፊትህን አዞርክ። ለዘፈን። ዘጠኝ ዓመት ጉሙን ስረግም ኖርኩ፣ ጉም ምን አደረገ!

ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሃል። አልወሰንኩም። አትጠይቀኝ። ስለ ሽማግሌዎቹም አሁን አታንሣብኝ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክም። እንዴት እንደሞተ ነገርከኝ፣ ምን እያለ እንደነበረ አልነገርከኝም። ስንኙ ምን ነበር? ለእኔ ነው የወጣው፤ የእኔ ነው። አንተ ሰምተኸው እኔ ሳልሰማው ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጻፍና ላክልኝ።

ሸዋረግ


አዲ አርቃይ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1957 ዓ.ም.

ሸዋረግ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ሰጠኝ የበዓል ጭነት ይዞ ነበር። አንብቤው ጊታሩን አነሣሁ። ጾሙ ወጥቷልና ላስቲኩን ከክሩ ሥር ሳብኩት። የመጀመሪያውን ስመታ ከድምፁ ደነገጥኩ፤ ከጎማ ቤቱ ጀርባ የነበረ ውሻ ሳይቀር ጮኸ። ሁለት ወር በዝምታ የሠራው ጣት ድምፁ ሸጋ ሆኖ ወጣ። ቀስ ብዬ ዘፈናችሁን ጀመርኩ። አንደኛው ዙር። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ እጄ ሊቆም ሲል ስንኙን ጮክ ብዬ በአፌ አልኩት፣ በዳኜ አፍ እንዳለው አድርጌ። እጄ አለፈ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አለፈ።

ከዚያ አለቀስኩ፣ ሸዋረግ። ደንበኞቼ ፊት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ጣቶቼም ያኔ ነው ያመሙኝ፣ የምር ያመሙኝ።

የጠየቅሺኝ ይኸው። ያንቺ ነው።

አንቺ ስትሰፊ ደጅሽ ውዬ ቆሜ

አንድ ስንኝ ብቻ ነው። «ሁለተኛውን ስማ ደግሞ» አለኝና ሳቀ። «መጀመሪያ ይችን ድገማት» አልኩት። ደገማት። ሁለተኛውን አላለውም።

ሌላ የሸሸግሁሽ የለም። ጊታሩንም ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።

ክንዱ


ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአያ ክንዱ፣

በሰላም ገባህ ወይ? ሳትሰናበተኝ ከሰርጉ በጓሮ መውጣትህን ሰምቻለሁ። ምሳም አልበላህም። ከመጣህ ጀምሮ ከእኔ ገበታ አንድ ጊዜ እንኳ አልጎረስክም። አውቀህ ነው። እኔም አውቄ ነው «ብላ» ያላልኩህ። «ና» የምትል አንዲት ፊደል ላኩልህ እንጂ ሌላ ቃል አልገባሁልህም።

በሰጠኝ በኩል «እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለት ቦታ ስተሃል። ሰው አላወቀም፣ እኔ አውቄያለሁ። መግቢያው ላይ ፈጠንክ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ትንሿ ጣትህ ከዳችህ። አፍህ ደግሞ አይዘፍንም፤ ዳኜ ሁልጊዜ «ክንዱ እንዳይዘፍን፣ ላም ያስወርዳል» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። ግን በዚያ መጥፎ ድምፅህ ውስጥ የሱ መጣ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጊታሩ ሲጀምር ከድንኳኑ በስተኋላ ወጥ ላይ ቆሜ ነበር፤ ጭልፋውን እንደያዝኩ የዳኜ ድምፅ ጆሮዬ ገባ፣ እንደ ትናንት። ያለኝ ሁሉ ተመለሰልኝ። ሰው እንባዬን ጭሱ ነው ብሎ አለፈኝ።

አንተ የሄድክበትን ምክንያት አውቃለሁ። ጎረቤቴ አበቡ ናት ያባረረችህ። ሦስተኛው ዙር ላይ ደርሰህ ያችን የዳኜን ስንኝ ብለህ ዝም ስትል፣ እጅህ ብቻ ሲመታ፣ እኔ ማንም አይነካትም፣ ባዶዋን ትለፍ ብዬ ነበር። አንተም እንዲያ ነበር ያሰብከው መሰለኝ። የሰርግ ሴት ግን ቤት ያልደፋ ስንኝ አይታ ዝም ትላለች እንዴ? ይቺ አበቡ፣ ጠላ ያሞቃት፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከመሐል ብድግ ብላ ደፋችው፦

አንቺ ስትሰፊ ደጅሽ ውዬ ቆሜ
ሱሪዬን ቀደድኩት ልገባ ደግሜ!

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ፊትህ እንደ አመድ ሲሆን በድንኳኑ ቀዳዳ አየሁት። እኔም ጭልፋዬን ይዤ አበቡን ልል የምችለውን ሁሉ ልላት ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት! የሞተ ሰው የመጨረሻ ቃል! በሱሪ!

አፌን ከፈትኩና ሳቅ መጣ። ወለተሩፋኤል ትመስክር፣ የሙሽራው እናት፤ አጠገቤ ነበረች፣ ደግፋ ይዛኛለች። ዳኜ ከሞተ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ዳኜ እኮ ከዚህ ሌላ አይልም ነበር! አንተና እኔ ነን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያከበርነው፤ እሱ ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው። ዞር ስል አንተ የለህም። ሴቶቹ ያችን ስንኝ እየደጋገሙ ጥሩን ሸኟት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይዘፍናታል፤ ትናንት ውኃ የምትቀዳ ልጅ ስትላት ሰማሁ። እንግዲህ እኔ ብረሳት እንኳ አትጠፋም።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ዘፈኑን ስላመጣህልኝ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። አላልኩህም። ሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩት ውሸት ነበር፤ የኔም ያንተም። ቀን ላይ ደህና እውላለሁ፣ ከዚያ «ድገመው» ያልከው ይመጣብኛል፣ መቀስ ከእጄ ይወድቃል። ሽማግሌ አትላክብኝ፣ ድንጋይም አትሸከምብኝ፤ ያን ጊዜ ይቅር ያልኩት የሰው ዓይን ስለበዛብኝ ነው። በራሴ ጊዜ ካልሆነ አልልም። ገና አልቻልኩበትም። መጀመሩን ግን ጀምሬዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ስምህን ሳልራገም ለመጥራት እየሞከርኩ ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ ሆነልኝ።

አንተም ልምምዱን እንዳትተው። ትንሿ ጣትህን አጠንክራት። ለሰኔ ሚካኤል ቤቴ ማኅበር አለ፤ ጊታሩን ይዘህ ና። ትበላ እንደሆነ ያን ቀን እናያለን።

ሸዋረግ